ጾም የገባው ሮቶ

ሰው ስለ ድንበር ይሟገታል፣ ስለ ውርስ ይሟገታል፤ ዶሮዬን ጎረቤት ቆለፈባት ብሎ የሚሟገትም አይቻለሁ። እኔ የተሟገትሁት ስለ አንድ ጥቁር ሮቶ ነው፤ ያውም አንገቱ ላይ ስንጥቅ ስላለበት የውሃ ሮቶ። የተሟገትሁትም ከአንድ ሰው ጋር አይደለም፤ ከመላ ቅሬያችን ጋር ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ሠፈር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚያነሣው አንድ ቅሬ ነው። የቅሬ ዳኛ ያኮረፈበት ሰው ቀኑ ሲደርስ በእግሩ ሄዶ ነው የሚቀበረው።

ሲፈጥረኝ ተሟጋች አይደለሁም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ሠፈሬን አልፌ ወርጄ፣ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው አፉን እንዲከፍት አንድ ነገሩ መነካት አለበት። የተነካውም የእናቴ ዓይን ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ላይ ጎንበስ ብላ ስላበሰለች ዓይኗ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ብቻ ሆነ። ጤና ጣቢያ ብወስዳት «ከጭስ ራቂ» አሏት። «ከጭስ ራቂ ማለት ከምግብ ራቂ ማለት ነው» ብላ እያጉረመረመች ተመለሰች። መብራት አለን፤ ግን የእኛ መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ድግስ ሲደርስ ይጠፋል። ከሰል ደግሞ ጭሱ ቢቀንስም ዋጋው ራሱ ያስለቅሳል። እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ጧት እናቴ በር ላይ የቆመ ጥላ አይታ፣ «እንደምን አደርሽ ዘሀራ፣ ግቢ እንጂ! ምን ያግደረድርሻል?» አለች። የቆመችው የእትዬ ዘሀራ አህያ ነበረች።

እትዬ ዘሀራ አጥር ተጋሪያችን ናት። ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ስንድዬ፣ ወላሂ አህያዋ መልስ ብትሰጥሽ ኖሮ እስከ ዛሬ ስታወሩ ትኖሩ ነበር!» አለች። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያን ቀን፣ እናቴ ከእንግዲህ በቤቴ ጭስ አታይም ብዬ ለራሴ ማልሁ።

ታዲያ ያለ እንጨትና ያለ ከሰል በምን ይበሰል? በቆሻሻ። አትሳቁ። የከተማችንን የሐይቅን ቆሻሻ ታውቁታላችሁ፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የድንች ቅርፊት፣ የዓሣ ጭንቅላት ነው። በጆንያ ይታሰርና ቦይ ውስጥ ይጣላል። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ሁሉንም ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። ሐይቁም ውለታ ስለማይረሳ የጣልንለትን በዓሣ ሆድ አድርጎ ይመልስልናል፤ እኛም ገዝተን እንበላዋለን። ይህ ሁሉ ቆሻሻ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ቢበሰብስ የሚነድ ጋዝ እንደሚወጣው ከስልኬ ተማርሁ። ቪዲዮው በማላውቀው ቋንቋ ነበር፤ እኔም አፉን ትቼ የሰውዬውን እጅ እያየሁ ቀዳሁ።

ሮቶውን ከውጫሌ፣ ከቆመ ግንባታ አገኘሁት። ስንጥቁን በቀለጠ ላስቲክ ደፈንሁ። በጓሯችን ጉድጓድ ቆፍሬ እስከ ወገቡ ቀበርሁት። የቆሻሻው መግቢያ ቱቦ እስከ ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መቆም አለበት፤ ቢያጥር ጋዙ በዚያው ተመልሶ ይወጣል፤ ቢረዝም ደግሞ ይደፈናል። ይህን ቱቦ እየቆረጥሁና እየለካሁ ሳምንት ሙሉ ስቀመጥበት እናቴ፣ «ልጄ፣ ሱሪ እየሰፋህለት ነው?» አለችኝ። ከጎኑ ተርፎ ለሚወጣው ውሃ መውጫ ቀደድሁለት፤ ከአናቱ በቀጭን የውሃ ጎማ ጋዙን ወስጄ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ውስጥ አስገባሁት። ከመነዳሪው ሲነፋ ጋዝ አለ፣ ሲሟሽሽ የለም፤ ከዚህ የቀለለ ቆጣሪ መብራት ኃይልም የለው።

የቀረው እርሾ ነው። እርሾ ያልሁት ትኩስ የላም እበት ነው፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። አርዲቦ በኩል ካሉ ገበሬዎች አንድ ጆንያ ሞልቼ ባጃጅ ያዝሁ።

«ጆንያው ውስጥ ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«እርሾ።»

«የምን እርሾ?»

«የጋዝ።»

ባላገጥሁበት መሰለው፤ ዝም ብሎ ነዳ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ግን ጆንያው ተንጦ ተንጦ ከታች ማንጠባጠብ ጀመረ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየ፣ አሸተተ፣ ዳር ያዘ። «ወንድም፣ እርሾህ ኩፍ ብሏል። ውረድ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሐይቅ ባጃጅ ሁሉ እኔን ሲያይ ሞልቶ ያልፋል፤ ባዶውም ጭምር።

ከመነዳሪው የተነፋ ዕለት ሰው ጠራሁ። ባልጠራ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ዘሀራ መጣች፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት የወጡት ጎረቤታችን መሪጌታ መጡ፤ የቅሬው ዳኛ አያ ይመርም ጺማቸውን እየደባበሱ መጡና ከሁሉ ፊት ተቀመጡ። የአያ ይመር ጺም በሠፈራችን የታወቀ ነው። ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ይዘው ይጎትቱታል፤ ጺሙ ሳይጎተት የተሰጠ ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል።

ከከመነዳሪው ወደ ምድጃው የሚሄደውን ጋዝ የያዘውን ሩቢኔት ከፈትሁ። ክብሪት ጫርሁ። ጠፋ። ደግሜ ጫርሁ። እሱም ጠፋ። በቪዲዮው ሰውዬው መጀመሪያ ሩቢኔቱን ከፍቶ እጁን አጣጥፎ ሲቆም አይቻለሁ፤ ያረፈ መስሎኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ የሚጠራቀመው አየር አይነድምና እያስወጣው ነበር!

«ክብሪቱን እፍ አለው እኮ!» አለች እትዬ ዘሀራ። «የሠለጠነ ነው፤ ልደቱን እያከበረ ነው።»

አያ ይመር ጺማቸውን ጎተቱ። «ልጄ፣ እሳት ማጥፊያ ከሆነ የሠራኸው፣ ደኅና ሥራ ነው» አሉ፤ «ለቀበሌው እንሰጠዋለን።»

የማይነደውን አየር አስወጥቼ፣ ሌላው እስኪጠራቀም ጠብቄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማንንም ሳልጠራ ለኮስሁ። ነደደ። ማድ ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ሰማያዊ አበባ መስሎ ታየን። እናቴ ሽሮ ጣደችበት። ሽሮው ሲንተከተክ ፊቷን አስጠግታ ጭሱን ፈለገችው፤ የለም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ያለ ጭስም ማልቀስ ይቻላል ለካ» አለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። ግን ይህ ወሎ ነው። ወሎ ውስጥ አፉን የከፈተ ነገር ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም፤ በቃኝ ቢል አይታመንም። የሮቶው መግቢያ ቱቦ ቀንና ሌሊት አፉን ከፍቶ ቆሟል። ልኩ በቀን አንድ ጣሣ ነው፤ ደቅቆ፣ በውሃ ተበጥብጦ። ይህን ለሠፈሩ ሴቶች ሁሉ አስረድቻለሁ። ሁሉም በሚገባ አዳምጠው ሁሉም የየራሳቸውን ጣሣ ይዘው መጡ።

«የትናንቱን በላው?» ትለኛለች እትዬ ዘሀራ።

«በልቷል፣ እትዬ።»

«እሰይ የኔ ሆዳም! ይቺን ጨምርለት።»

«በቃው እኮ።»

«አቦ አትሰስት! ካንተ ሆድ ነው የሚወጣው?»

ስሙ ሆዳሙ ሆኖ ቀረ። በአጥሩ ሲያልፉ «ሆዳሙ እንዴት አደረ?» የሚሉኝ አሉ፤ እኔን «እንዴት አደርህ» የሚለኝ ግን ጠፋ።

ቀጥሎ የመጣው የአተላ ነገር ነው። እትዬ ዘሀራ እንጨቷ በዝናብ ሲርስ ድስቷን ይዛ መጥታ እኛ ምድጃ ላይ ትጥድ ነበር። አንድ ቀን ድስቷን እንዳቀፈች ማድ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለች።

«ስንዱ፣ ለማኅበርሽ የጠመቅሽው ጠላ አተላው የት ገባ?»

እናቴ ወደ ሮቶው አየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

«አስተግፊሩላህ! እኔ በአተላ የነደደ እሳት ላይ የልጆቼን ወጥ አልጥድም!»

መሪጌታ በአጋጣሚ በአጥሩ ያልፉ ነበርና ገቡ። «ቆይ እስቲ ዘሀራ» አሉ። «ኩበት ከገበያ ስትገዢ የላሚቱን ሃይማኖት ትጠይቂያለሽ?»

«ላሚቱ ጠላ አትጠጣማ፣ መሪጌታ!»

እናቴ ግን፣ «የኔ በግ ትጠጣለች» አለች። ሁላችንም ዘወር ብለን በጓን አየናት። አተላ ለምዳ የሰባች በግ ናት። «አተላውን እሷ ትጠጣ» አለች እናቴ፤ «ከእሷ የሚወጣው በጠጥ ወደ ሮቶው ይግባ።»

እትዬ ዘሀራ ድስቷን እንዳቀፈች ብዙ አሰበች። «በበጓ ሆድ ካለፈማ» አለች በመጨረሻ፣ «ጣጣው የበጓ ነው።» ገብታ ጣደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በጓ የሁለት ሃይማኖት ማጣሪያ ሆና ትኖራለች፤ ኩራቷም ከሥጋዋ በላይ ነው።

ኋላ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ተዳረች። በእኛ ወግ ሠርግ ሲሆን ዳስ ሁለት ነው፤ የክርስቲያን ዳስ አለ፣ የሙስሊም ዳስ አለ፤ በየዳሱ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበሰላል፤ ጭፈራው ብቻ አንድ ላይ ነው። እኔ በክርስቲያኑ ዳስ አሳላፊ ሆኜ ላይ ታች ስል ዋልሁ። ድግሱ ሲያልቅ በዚህኛው ዳስ ያሉ ሴቶች «ሆዳሙስ ሠርግ አይበላም?» ብለው ትራፊያቸውን፣ ቅባቱንና አጥንቱን ሳይቀር፣ በባልዲ አጋቱት። በዚያኛው ዳስ ያሉትም ይህን ሳያዩ በሌላው በር ገብተው እንዲሁ አደረጉ። በየዳሱ ለየብቻ የበላን ሰዎች በሮቶው ሆድ ውስጥ ተገናኘን።

ሮቶ ከሰው በምንም አይለይም። ቅባት ሲበዛበት ጨጓራውን ያመዋል። ጋዙ ቆመ። ከመነዳሪው ሟሸሸ። እንደ ከረመ ሊጥ የሚኮመጥጥ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ከዓሣ ጭንቅላት የተወለደ የሚመስል ሌላ ሽታ መጣ። የሠፈሩ ድመቶች ተሰብስበው መጡ፤ ቀርበው አሽትተው እነሱም ሄዱ። የሐይቅ ድመት የሸሸውን ሽታ እናንተ ገምቱ።

በዚያው ሰሞን ከአጥራችን ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ድንኳኑ ከሮቶው ጀርባ ተተከለ። ነፋሱ ዞረ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ በነጠላውና በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ፤ ዓይኑም ያነባ ጀመር። አዲስ የሚመጣው ለቀስተኛ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ሲያነባ ባየ ጊዜ ነገሩ እንዲህ የከበደ መስሎት ከበር ጀምሮ እየጮኸ ይገባል። ከገባ በኋላ እሱም ምክንያት ያገኛል። እንደዚያ የደመቀ ለቅሶ በሠፈራችን ታይቶ አያውቅም፤ የሟች ዘመዶች እስከ ዛሬ ያመሰግኑናል። አያ ይመር ግን አላመሰገኑም። ጸጥ ባለ ሰዓት ሮቶው በመውጫው በኩል «ጉርርር... ቧ!» ብሎ ሲያገሳ፣ ካሉበት ተነሥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

ከሠልስት በኋላ ቅሬው ተሰብስቦ ተከስሼ ፊቱ ቆምሁ። አያ ይመር ጺማቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ የእናትህን ዓይን ብለህ እንደሆነ እናውቃለን። ለቅሶ ግን ይከበራል። ያን ነገር ድፈነው።»

«አልደፍነውም» አልሁ።

ድምፄን የማያውቁት ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ማን እንደተናገረ ዞር ዞር ብለው ፈለጉ።

«ምን አልህ?»

«አልደፍነውም፣ አያ ይመር። ሞቶ ከሆነ ቅሬ ናችሁና ቅበሩት። አሁን ግን የታመመ ነው። የታመመ አይቀበርም።»

አያ ይመር ጺማቸውን ሳብ አደረጉት። «መልካም። እስከሚመጣው ወር ቅሬ አስታምመው። ያን ቀን ሽታው ጠፍቶ፣ እሳቱ ነድዶ ካየን ይኖራል። ካልሆነ አካፋችንን ይዘን እንመጣለን። መቅበር እንደሆነ እናውቅበታለን።»

ቤት ስገባ እናቴ እርጥብ እንጨት ላይ ጎንበስ ብላ እፍ እያለች ነበር። ዓይኗ እንደገና በርበሬ መስሏል። «ማነህ?» አለችኝ። የገዛ ልጇን። ወጥቼ ሮቶው አጠገብ ቆምሁና ጾም አስገባሁት።

ጾሙ እንዲህ ነው፤ ምግብ የሚባል ነገር አይገባበትም። ኮምጣጣው እንዲበርድ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ በጥቂቱ፣ እርሾው እንዲያንሰራራ ከአርዲቦ ትኩስ እበት፤ ባጃጅ ስለማይጭነኝ በትከሻዬ። የመግቢያውን አፍ በክዳን ዘግቼ «ጾም ላይ ነው» ብዬ ጻፍሁበት። ይህ መጻፌ ነው ሌላ ጣጣ ያመጣው።

«የማን ጾም ነው?» አለች እትዬ ዘሀራ።

«እንዴት የማን?»

«የእኛ ከሆነ ማታ ማታ ያፈጥራላ!»

«የእኛም ከሆነ» አለች እናቴ ከማድ ቤት፣ «ሽሮ ይፈቀድለታል።»

«የሁለታችሁም አይደለም!» አልሁ። «የሐኪም ጾም ነው!»

አላመኑኝም። እኔ ዞር ስል ክዳኑ ተነሥቶ አገኛለሁ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንሁ፤ ድንጋዩ ተነሥቶ አገኛለሁ። በመጨረሻ እኔው ራሴ ክዳኑ ላይ ተቀምጬ መዋል ጀመርሁ። እትዬ ዘሀራ ከሻሿ ሥር የሸፈነችው ነገር ይዛ፣ ወዲያ ወዲህ እያየች ስትመጣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«እትዬ፣ ሳህኑን መልሺ።»

«ቁራሽ ናት እኮ! አንጀቴን በላኝ። እንዲህ አፉን ዘግተህበት፣ አላህን አትፈራም?»

«እናቴ ትናንት ማንን 'ዘሀራ' እንዳለች ታውቂያለሽ?»

ሳቋ አልመጣም። «አህያዋን?»

«አህያዋን።»

ሳህኗን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹን ሴቶች የምትጠብቅልኝ እሷ ሆነች፤ እኔ ካስተማርኋት በላይ ጠባቂ ናት። ራሷን ግን ሙሉ በሙሉ አላምናትም።

የቅሬው እሑድ ደረሰ። ሽታው ከጠፋ ሰንብቷል። ከመነዳሪው ከዋዜማው ጀምሮ ቀስ ብሎ መነፋት ጀምሮ ነበር፤ ያለችውን ጋዝ በሙከራ ላለመጨረስ ግን አልለኮስሁትም። ስለዚህ ቅሬው አካፋና ዶማውን በትከሻው አድርጎ ሲገባ እኔም እንደነሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ሁሉም እንዲያይ ተብሎ ምድጃው ወደ ደጅ ወጣ። ጠራራ ፀሐይ ነው። እናቴ በማድ ቤቱ በር፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ቆመች።

ክብሪት ጫርሁ። «ፉ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄን ሞቀኝ።

«ነዷል» አልሁ።

«የታል?» አሉ አያ ይመር።

ለካ በማድ ቤት ጨለማ አበባ የሚመስለው ሰማያዊ እሳት ፀሐይ ላይ ጨርሶ አይታይም! ምድጃው ባዶ ይመስላል። አካፋ የያዙት ሰዎች ተያዩ።

«በእምነት ብቻ የሚታይ እሳት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እየነደደ ነው፣ አያ ይመር! ጠጋ አይበሉ!»

ዳኛ አትጠጋ ሲባል የሚጠጋ ነው። አያ ይመር ጎንበስ አሉ። አሸተቱ። «መቼስ ሽታው ጠፍቷል፤ እውነት ለመናገር» አሉ። ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «እሳቱ ግን የለ...»

ጭስስስ!

«አንተ! ሽታ አለው!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«እሱ የሮቶው አይደለም» አለች እትዬ ዘሀራ። «የዳኛው ነው።»

አያ ይመር ዘልለው ቆሙ። ከዚያ ታላቅ ጺም የቀረው ግማሹ ነው፤ እሱም ጫፉ ተጨምድዷል። መሳቅ ያማረው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። አያ ይመር እጃቸውን ወደ አገጫቸው ሰደዱ፤ እንደ ልማዳቸው ሊጎትቱ። የሚጎተት ነገር ፈለጉ። ጥቂት አገኙ። ሳብ አደረጉት።

«ነዷል» አሉ። «ይኑር።»

ይግባኝ ያለ የለም።

አካፋ ይዞ የመጣ ቅሬ ሳይቆፍር አይመለስምና፣ ከሮቶው መውጫ እስከ እናቴ የቃሪያ መደብ ድረስ ቦይ ቀደዱልን። አሁን ተርፎ የሚወጣው ውሃ ቃሪያውን ያጠጣል፤ ቃሪያው ይበላል፤ ትራፊው ተመልሶ ወደ ሆዳሙ ይገባል። ወደ ሐይቁ የሚሄድ ከእኛ ቤት ምንም የለም። ዛሬም «ይህ ነገር አንድ ቀን ይፈነዳል» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። የአያ ይመርን ጺም አሳያቸዋለሁ።

ባለፈው ጧት ክዳኑን አጥብቄ ስመለስ እናቴ በደረቀ ዓይኗ፣ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና አሻግራ ስታይ አገኘኋት። የአጥሩ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ዘሀራ!» ብላ ጮኸች። «ከሻሽሽ ሥር ያለው ሳህን ይታየኛል! የዛሬውን ጣሣ በልቷል፣ መልሺ!»

እትዬ ዘሀራ ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ አህያዋ አንገቷን በበሩ አስግጋ ቆማለች። እናቴ ለአህያዋ ሰላምታ አልሰጠችም።